ከመበለቷ ጉብታ ማዶ

ዓርብ ከሰዓት፣ በቆርቆሮ ቤቱ ስብሰባ ላይ ኤልስፔት ብድግ ብላ ያንን ቃል ስትናገር፣ እኔ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የሱፍ ካልሲ እሠራ ነበር። እጄ ቀጥ አለ። የኔ እጅ ደግሞ እንኳን ለስብሰባ ለማዕበልም አይቆምም።

ባለፈው ሳምንት ታሪኩን እዚህ ላይ ቆርጬባችሁ ብዙዎቻችሁ እንደተበሳጫችሁብኝ ሰምቻለሁ። ደግ አደረግኩ። ላላነበባችሁት ግን ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ፤ ሳያውቋቸው ማልቀስም መሳቅም አይቻልም።

ቶርኪል የወንድሜ ልጅ ነው። እዚሁ ሄልመይ ደሴት ላይ በግ ያረባል። ረጅም፣ ባለ ቀይ ጠጉር፣ እልኸኛ ነው፤ እልሁን የወረሰው ከኛ ዘር ስለሆነ አላፍርበትም። ኤልስፔት የኤድንብራ ልጅ ናት። አባቷ የጎልፍ ሜዳ የሚነድፍ ትልቅ ቢሮ አለው፤ እሷም እዚያው ሆና ዶዘር የቱ ጋ ይግባ፣ አፈር የት ይደልደል እያለች በወረቀት ላይ ትስላለች። የኛ ሰዎች ሜዳችንን አዲስ አድርጊልን ብለው አስመጧት። እኔ ቤት ላይኛው ክፍል አረፈች። ቶርኪል ሜዳውን ሊያሳያት ይዟት ወጣ። ከዚያ በኋላ ሜዳውን ማን እንዳየው እንጃ፤ እነሱስ ሲተያዩ ነው የሚውሉት።

ሜዳው በባሕሩና በድንች ማሳችን መካከል ያለው ሣር ነው። የነደፈው ሰው የለም። ድሮ፣ አያቴ ልጅ እያለች፣ የጎልፍ ፍቅር ያሳበደው አንድ ቄስ መጣና በጎቻችን የሚተኙበትን ቦታ እየተከተለ ጉድጓድ ቆፈረ። በግ ነፋስ የማያገኘውን ቦታ መርጦ ነዋ የሚተኛ። የአሸዋ ጉድጓዶቹንም በጎቹ ናቸው ጎናቸውን ሲያኩ የማሷቸው፤ ሣሩንም የሚላጩት እነሱ ናቸው። ባንዲራው የቆመበትን ሣር ብቻ ላም እንዳይረግጠው በሽቦ አጥረነዋል። አንዱ ጋ በድንጋይ ካብ ላይ አሻግራችሁ ትመታላችሁ። አንዱ ጋ የፖስታ መኪናው እስኪያልፍ ዱላችሁን ተደግፋችሁ ትቆማላችሁ። ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚከፋው፣ እኔ ደግሞ አብልጬ የምወደው፣ የመበለቷ ጉብታ ነው። ኮረብታ ፊታችሁ ተገትሯል፤ ጉድጓዱ ከማዶ ነው፤ አይታይም። አናቱ ላይ ነጭ ድንጋይ አለ፣ ኳሷን በእሱ ላይ ትለቋታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነችውን ሮጣችሁ ማየት ነው። ማዶ ያሉት ተጫውተው ሲወጡ፣ ከተሰበረ መርከብ ያወጣነው ደወል አለ፣ እሱን ይደውላሉ። ያን ጊዜ ከወዲህ ያለው ይመታል። ሳይደወል የመታ ሰው በኛ ደሴት ነፍስ ሊያጠፋ እንደሞከረ ነው የሚቆጠረው።

ታዲያ ጉብታው ይናድ ያለው ማን መሰላችሁ? ቶርኪል ራሱ! ወጣቱ ሁሉ እየተነሳ ሄደብን፤ እንግዳ የሚባለው ደግሞ ሜዳቸው እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ደሴቶች ጋ ነው የሚወርደው። ቶርኪል ቤት ለቤት እየዞረ «እኛስ ከማን እናንሳለን?» እያለ ሰዉን አሳመነ። ባለሱቁ ሙርዶ ሊቀመንበር ሆነ፤ ሙርዶ መቼም ሊቀመንበር የማይሆንበት ነገር የለም። እኔ አልተስማማሁም። ሴት አሮጊት ማን ይሰማታል?

ኤልስፔት የመጣች ሰሞን ቶርኪል ጉብታውን እንድታየው ከማዶ ሆኖ ደወለላት። መታች። ከዚያ ዱላዋን ጥላ ሽቅብ እንደ ፍየል ሮጠች። አናቱ ላይ ስትደርስ ነፋሱ ጠጉሯን በትኖታል፣ ፊቷ ቀልቷል፣ እየሳቀች ነው። ቶርኪል ከታች የደወሉን ገመድ እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። እነሱን ካየሁባቸው ጊዜያት ሁሉ ያቺን እይታ ነው የማልረሳው። ገመዱን በእጁ ይዞ ለቀጣዩ መደወል ረሳ። ሽማግሌው ላክላን ተራውን ከወዲህ ቆሞ ደወል ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ መጨረሻ ላይ ዱላውን ሰብስቦ እየተሳደበ ወደ ቤቱ ሄደ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ።

ቆርቆሮ ቤቱ በጎቹን የምንሸልትበት ቤት ነው፤ ለጎልፉም ለስብሰባውም እሱው ነው ያለን። ሙርዶ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንግዲህ ወይዘሪት ኤልስፔት ንድፋቸውን ያሳዩናል» አለ። ቶርኪል ፊት ለፊት የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጧል። ኤልስፔት ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ከጀርባው ስጦታ ደብቆ እንደያዘ ሰው ፈገግ አለች።

እጇ ግን ባዶ ነበር።

«ንድፍ የለኝም» አለች። «ሜዳችሁን ዞሬ አየሁት። እርሳስ ባነሳሁ ቁጥር እጄ አፈረ። ይሄን የሰው እጅ አልሠራውም።» ከዚያ በገዛ ቋንቋችን፣ ለዚሁ ብላ ያጠናችውን፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ድምፅ ሳታበላሽ፣

«ለእግዜር ተዉት» አለች።

ሽማግሌው ላክላን ኮፍያውን ከራሱ ላይ አወረደ። ከዚያ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ሁሉም። እሷ ያከበሯት መስሏት ዓይኖቿ በእንባ ሞሉ።

ይህ ቃል በኛ ዘንድ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚባለው። ጠጉሯ የከበደ በግ አንዳንዴ በጀርባዋ ትወድቅና መነሳት ያቅታታል። እረኛው ሳያያት ከዋለች ቁራ ይደርስባታል። እረኛው መጥቶ ተስፋ እንደሌላት ሲያይ ኮፍያውን ያወልቅና «ለእግዜር ተዋት» ይላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካትም። አለቀላት ማለት ነው።

ቶርኪል ተነሳ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«እናመሰግናለን፣ ወይዘሪት» አለ። «እርስዎ አይተው ፈርደውልናል። እኛ ግን ገና እየተነፈስን ነው።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። መዝጋት እንኳ አልፈለገም፤ ነፋሱ ነው ያላተመው።

ከመጣች ጀምሮ «አንቺ» ሲላት የከረመ ሰው ነው፤ «እርስዎ» አላት። ሌላው ሁሉ ምንም አይደለም። እኔ ዞር ብዬ ያየኋት እዚህ ላይ ነው። በጥፊ የተመታች ትመስል ነበር፤ በምን ጥፋቷ እንደተመታች ያላወቀች።

እኔስ አዘንኩላት? አላዘንኩም። እኔም እንደ ሰዉ ነው የሰማኋት። ቤቴ አስተኝቻት፣ አሳዬን አብልቻት፣ አገሬን ሞታለች አለችኝ! ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ራቷን አቀረብኩላት፤ ድንቹን ያለ ቅቤ።

«ወይዘሮ ዶሊና፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ሕፃን አይደለሽ። እወቂው።»

አልበላችም። ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ ትጽፋለች፣ ትሰርዛለች፣ በመስኮት ወደ ቶርኪል ቤት ታያለች። ጨርሳ አጥፋ ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«ይሄን ለቶርኪል ያደርሱልኛል?»

«ፖስተኛ አይደለሁም። ደግሞስ አፍ ያለሽ መስሎኝ? ዛሬ ሕዝብ ፊት አይቼዋለሁ።»

ደብዳቤውን ቀድዳ እሳቱ ውስጥ ጨመረችው። ወረቀቱ ሲቃጠል እሱን ሳይሆን እጆቿን ነበር የምታየው፤ የሠሩትን ሥራ የጠላቻቸው ትመስል ነበር። ያን ጊዜ ትንሽ አሳዘነችኝ። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ መርከቧ እኩለ ቀን ላይ ትነሳለች። እሁድ በኛ ደሴት እንኳን መርከብ ልጅም አይሮጥም። ኤልስፔት ሻንጣዋንና የጎልፍ ዱላዎቿን አስራ በር ላይ ካስቀመጠች በኋላ ረፍዶ ቁርስ ቀረበች። ገንፎዋን በጨው ሰጠኋት። አንድ ማንኪያ ዋጠችና አስቀመጠችው።

«እንደምትጠሉኝ አውቃለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ቃሉን ከእርስዎና ከቶርኪል ነው የተማርኩት።»

«ከኔ? መቼ?»

«ካቡ ሥር ያቺ በግ በተኛችበት ቀን። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አያችሁ ነበር። ቶርኪል ቆሞ ኮፍያውን አወለቀላት። እርስዎም ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ለእግዜር ተዋት ተባባላችሁና ሳትቀሰቅሷት ሄዳችሁ። እንቅልፍ ለያዛት በግ ኮፍያ የሚያወልቅ ሰው ያለበት አገር መጣሁ ብዬ... አለቀስኩ። የዚህን አገር ነገር ሁሉ በዚያች ቃል የተረዳሁት መሰለኝ።»

«ቆይ» አልኳት። «እንቅልፍ የያዛት ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ በጀርባዋ ተኝታ።»

እዚህ ላይ የድንቹ ጆንያ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ሳቁ ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም። ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅኩ።

«ልጄ፣» አልኳት እንባዬን እየጠረግኩ፣ «ያቺ በግ ሞታለች!»

«ምን?»

«ቁራ ዓይኗን በልቷት! ለእግዜር ተዋት ማለት አለቀላት፣ አትድከሙ ማለት ነው። ትናንት ደሴቱን በሙሉ ቀበርሽው። ሰዉም ባለጌ ስላልሆነ ኮፍያውን አውልቆ ቀብሩ ላይ ተገኘልሽ።»

አብራኝ የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«ቶርኪል... ቶርኪል እንደዚያ ብዬ የተናገርኩ መስሎታል? ሰው ሁሉ ፊት፣ የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጦ?»

«ምን ይምሰለው ታዲያ?»

«ለምን አልጠየቀኝም?» ድምጿ ከፍ አለ። ደስ አለኝ፤ ሴት ልጅ ስትቆጣ ነው መንገዷ የሚታያት። «ለምንድነው አንድ ቃል ሳይጠይቀኝ እርስዎ ብሎኝ የወጣው?»

«ጅል ስለሆነ ነዋ። ጅልነቱን ሳታውቂ ነው እንዴ የወደድሽው?»

እንደወደደችው ለማንም አልተናገረችም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። አላስተባበለችም።

«ሜዳው ላይ ነው» አልኳት። «ወደ ወደቡም መንገድሽ በዚያው ነው። ወይ ታነጋግሪዋለሽ፣ ወይ አልፈሽው ትሄጃለሽ። ሦስተኛ መንገድ ይህች ደሴት የላትም።»

ሻንጣዋን ትታ ዱላዎቿን ብቻ አንጠልጥላ ወጣች። ለምን እነሱን እንዳነሳች ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም። ካልሲዬን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። በሰው ጉዳይ ገባሽ የሚለኝ ካለ ይበለኝ። በኔ ጣሪያ ሥር የተጀመረ ነገር ነው፤ መጨረሻውን ሳላይ ድንች ልልጥ አልችልም።

ከመበለቷ ጉብታ ጎን ያረጀ ካብ አለ። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ወዲህም ወዲያም ያያል። በዚያ ቀን ሁለቱን በአንድነት የማይ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እግዜርን ሳልቆጥር።

ማዶ ቶርኪል ብቻውን ነው። ባንዲራዋ አጠገብ ኳሱን አስቀምጦ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል፤ አይመታም፣ አይሄድም፣ ወደ ወደቡ ያያል። በጎቹ በሽቦው ዙሪያ ሣር ይነጫሉ፤ እነሱ ብቻ ናቸው ያን ቀን ሥራ የነበራቸው። ከወዲህ ደግሞ ኤልስፔት መምቻው ላይ ደረሰች። ዱላዎቿን አስቀመጠች። ቆመች። ደወል ጠበቀች።

ማን ይደውልላታል? ሰውየው ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ መች አሰበ! የምትወደው ሰው ከኮረብታ ማዶ ቆሟል፤ እሷ ትጠብቃለች፣ እሱ አያውቅም። ተነስቼ ልጮህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከንፈሬን ነከስኩ።

ነጩን ድንጋይ አየችው። ወደ ወደቡ አየች። ከዚያ ከዱላዎቿ አንዱን መዘዘች።

መታች።

ኳሷ በድንጋዩ ላይ እያፏጨች አለፈች፣ ማዶ ወረደች፣ ነጥራ ከቶርኪል ጫማ አጠገብ ቁጭ አለች። ቶርኪል እንደ ደነበረ ፈረስ ዘለለ። ሽቦውን ተሻግሮ ጉብታውን እየተንደረደረ ወጣ።

«ማነው ደወል ሳይሰማ የሚመታ!» ጩኸቱ ቁራዎቹን አስነሳ። «ማነው ይሄ እብድ!»

«እኔ ነኝ!» አለች ኤልስፔት ከታች።

አናቱ ላይ ሲደርስ አያት፤ እግሩ ቆመ።

«እርስዎ? ሰው ቢገድሉስ?»

«አልሞትክም!» እሷም ሽቅብ እየወጣች ነው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። «እኔም አልሞትኩም፣ ይሄ ሜዳም አልሞተም! እሱን ልነግርህ ነው የመጣሁት። ያቺ በግ የተኛች መስሎኝ ነበር!»

«የትኛዋ በግ?»

«ኮፍያህን ያወለቅክላት በግ! ለእግዜር ተዋት ስትሏት፣ ተኝታለችና አትንኳት፣ የእግዜር ናት ያላችሁ መሰለኝ። እንደዚያ ማለት ነበር የፈለግኩት። ይሄ ቦታ የእግዜር እጅ ያለበት ነው፣ ዶዘር አይግባበት ማለት ነበር። ሞታችኋል አላልኩም፤ እንዴት እላለሁ? እኔ ራሴ በሕይወት ያለሁት እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነው!»

የቶርኪል ከንፈር ጥግ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጅ እያለም ሳቅ ሲመጣበት እንዲያ ያደርገዋል። ግን የኛ ዘር ነው ብያችኋለሁ፤ በአንድ ሳቅ አይረታም።

«እሺ፣ ቃሉ ተሳስቷል» አለ። «ሐሳቡስ? አባትሽ ለሀብታሞቹ የተደለደለ ሜዳ ይሠራል። ለኛ ሲሆን ግን ነፋሱም ውበት ነው፣ በጉም ውበት ነው፣ ችግሩም ውበት ነው። ነገ ጣሪያዬ ሲያፈስስ ምን ልትይ ነው? እንዴት ደስ የሚል የጥንት ጣሪያ፣ አትንካው ልትዪኝ ነው?»

«አባትሽ» አለ! «ልትይ ነው» አለ! ካልሲዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። «እርስዎ» የት ገባ? ራሱም አላወቀውም። እሷ ግን ሰምታዋለች፤ ትከሻዋ ሲወርድ ከካቡ ላይ ታየኝ።

«ጣሪያህ ካፈሰሰ እንሠራዋለን» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እንሠራዋለን ነው ያልኩት። ትሠራዋለህ አላልኩም።»

ቶርኪል እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋበት።

«ቆርቆሮ ቤቱን አፍርሱት» አለች ቀጥላ፣ አሁን ቀስ ብላ። «የሚሞቅ ቤት ሥሩ፣ እንግዳ የሚያድርበት። እሱን እነድፍላችኋለሁ፣ አሳምሬ። ጉብታውን ግን አትንካብኝ። እኔ ሕይወቴን ሙሉ የማየውን ብቻ ስመታ ነው የኖርኩት። የምማረውን አባቴ አይቶ መረጠው፣ የምሠራበትን አይቶ መረጠው፣ የማገባውንም አይቶልኛል። ሁሉም ከመምቻው እስከ ባንዲራው ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ቀን እዚህ ቆሜ ወደማላየው መታሁ። ልቤ አፌ ውስጥ ሆኖ ሮጥኩ። አናቱ ላይ ስደርስ...»

«ስትደርሺስ?»

«አንተ ነበርክ።»

ቶርኪል አንገቱን ደፋ። የሱን ጠጉር በሕፃንነቱ የማበጥረው እኔ ነበርኩ፤ ሲደፋው ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሊናገረው የከበደው ነገር አለ ማለት ነው።

«መጀመሪያ ለደሴቱ ብዬ ነበር» አለ። «እውነቴን ነው። አንቺ ከመጣሽ በኋላ ግን ሌላ ሆነ። ያማረ ሜዳ ቢኖረን፣ ሰው የሚመጣበት፣ ስሙ የሚጠራ ቢሆን፣ አንቺን የመሰለች ሴት ልትቀመጥበት ትችላለች አልኩ። አሁን ምን አለኝ? ለኤድንብራ ልጅ ምን እሰጣታለሁ? ነፋስ?»

«እና ለኔ ብለህ ነው እኔ የወደድኩትን ልትንደው የነበረው?»

«...እንደዚያ ሲባል የጅል ሥራ ይመስላል።»

«ጅል ነው ብለውኛል፤ አክስትህ።»

ሁለቱም ዞረው ወደ ካቡ አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም።

«አክስቴ! እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ካልሲ እሠራለሁ፣ የኔ ጌታ። ቀጥል።»

ያን ጊዜ መርከቧ ጮኸች። ረጅም ጩኸት፤ የመጨረሻው ጥሪ ነው። ይህን ያህል የተነጋገሩት ሁሉ በዚያ ጩኸት ሊፈርስ ይችላል። ቶርኪል ነጣ። ዝም ሊል ይችል ነበር። አላደረገውም፤ በዚህ ኮራሁበት።

«መርከቧ ናት» አላት። «ከሮጥሽ ትደርሺያለሽ። ሻንጣሽን እኔ እሸከምልሻለሁ።»

«ሰምቻታለሁ።»

«ኤልስፔት፣ ቂም አልይዝብሽም። ብትሄጂም አልይዝም።»

«እኔ ግን ብትሸኘኝ እይዝብሃለሁ።»

«አባትሽስ?»

«አባቴ ንድፌን ያርማል፤ ልማዱ ነው። ይሄን ግን አያርመውም።» አንድ እርምጃ ቀረበችው። «ልቆይ ነው፣ ቶርኪል። እየተለማመጥኩህ አይደለም፣ እየነገርኩህ ነው። የምትፈልገኝ ከሆነ ንገረኝ፤ የማትፈልገኝ ከሆነም ዓይኔን እያየህ ንገረኝ። ብቻ እርስዎ እንዳትለኝ።»

«አንቺ» አለ ቶርኪል። «አንቺ...» ብሎ ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ፤ እጁ የበግ ቅባትና የዝገት ሽታ አለው፣ አውቀዋለሁ፣ እሷ ግን አፍንጫዋን አልያዘችም። እንዴት እንደተሳሳሙ እዚህ አልጽፍም። ሰው እያየ ነበር፤ የምታየውም እኔ ነኝ። እንደ ሞኝ አለቀስኩ፣ በካልሲው ጠረግኩት፣ ማንም አላየኝም።

ቆይቶ ድምፁን ሰማሁት፤ ተመልሶ የኔ ቶርኪል ሆኗል።

«ሙርዶን ምን ልበለው? ሊቀመንበርነቱን ለዶዘሩ ብሎ ነው የያዘው።»

«እኔ ራሴ እነግረዋለሁ። በናንተው ቋንቋ።»

«ኧረ እባክሽ፣ በእናትሽ ቋንቋ ንገሪው! የኛን ለትንሽ ጊዜ አሳርፊው።»

ያን ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ጉብታውን ወርዶ ባሕሩ ጋ የደረሰ ነው የመሰለኝ።

እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ማዶ ወረዱ። ሽቦውን በጫማው ረግጦ ዝቅ አደረገላት፤ ተሻገረች። በጎቹ ቀና ብለው አዩና ሣራቸውን ቀጠሉ። የሱ ኳስ ጠዋት እንዳስቀመጣት ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ናት፤ እኔ በካልሲ መሥሪያዬ ነክቼ የማስገባት ነበረች። ኤልስፔት ባንዲራዋን ነቀለችና ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት።

«ምታ» አለችው።

«አሁን?»

«አሁን። ጨርስና ቀጣዩን አሳየኝ። ዛሬ ሜዳውን በሙሉ ልናይ ነው።»

ከኋላዋ መርከቧ ከወደቡ ወጥታ፣ አፍንጫዋን ወደ ባሕሩ መልሳ፣ እየራቀች ነበር። ወደቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚያው ያያል። ኤልስፔት አልዞረችም። ዓይኖቿ ቶርኪል ላይ ናቸው።

ቶርኪል ዱላውን ይዞ ኳሷ ላይ ቆመ። ኳሷን ማየት ነበረበት፤ እሱ ግን እሷን ነበር የሚያየው።

መታ። ሳተ።

ኳሷ በጉድጓዱ ጫፍ አልፋ፣ በሽቦው ሥር ሾልካ፣ በጎቹ መካከል ገባች። ይህ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲስት ከሰው ጋር ሳይነጋገር የሚውል ነው፤ እናቱ እንኳ ሾርባ ለማቅረብ ትፈራው ነበር። ያን ቀን ግን ዱላውን ሜዳው ላይ ለቀቀው፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሰማዩን እያየ ሳቀ፤ እሷም ባንዲራዋን እንዳቀፈች ሳቀች። እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ብዙ ወንድ ሲያሸንፍ አይቻለሁ፣ ዋንጫ ሲስም፣ ትከሻ ላይ ሲወጣ አይቻለሁ። ስቶ እንደዚያ ደስ ያለው ወንድ ግን አይቼ አላውቅም።